«ሞላዋን አስቆርጫለሁ፤ አሁን ምን ይሻለኛል?»

ባለፈው ሳምንት ስለ አከራይና ተከራይ ጠብ ለጻፍኩት ብዙዎቻችሁ አስተያየት ልካችኋል፤ አመሰግናለሁ። የአከራዮችንም ስድብ በክብር ተቀብያለሁ። ዛሬ ግን ከመጡት ደብዳቤዎች መሀል አንዱ የራሴን የድሮ ጥፋት ስለቀሰቀሰብኝ ዓምዱን በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። አሳጥሬ ላቅርበው፤

«ዕድሜዬ 24 ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ይነዳት የነበረችውን አሮጌ ፒክአፕ ወርሻለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ ሞላዋን አስቆርጬ፣ ከባሌስትራዋም አስቀንሼ፣ መሬት እስክትስም ድረስ ዝቅ አስደረግኳት። ሰፈር ውስጥ ስሟ ወጣ። እውነቱን ለመናገር እጮኛዬንም ያገኘኋት በሷ ነው። አሁን እናቴ ‹የአባትህን መኪና እንደነበረች ካልመለስካት እግሬን አላነሳባትም› ካለች ስድስት ወር ሆናት። እጮኛዬ ደግሞ ‹ከፍ ካደረግካትማ የገበሬ መኪና ልትመስል ነው› ትላለች። መካኒኩ ‹የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ሞላው መሀል ታኮ እንሰካበታለን› አለኝ። የማንን ልስማ? ግራ የገባኝ፣ ከጉለሌ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ሳቅም አፈነኝ፣ ሆዴም ባር ባር አለው። አንተ ያደረግከውን እኔም አድርጌዋለሁና! ያውም ባልወረስኩት መኪና... በሰው መኪና! ስለዚህ መልሱን ከመስጠቴ በፊት የራሴን ልንገርህ። ሌሎቻችሁም ስሙኝ። መኪና የለንም ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት፤ ነገሩ የመኪና ብቻ አይደለም።

አደራ የተቀበልኳት ሃይሉክስ

የእናቴ ወንድም መርጡለ ማርያም ነው የሚኖረው። ለማታውቋት፣ መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ከተማ ናት፤ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካሠሩት ቤተ ክርስቲያን ጋር ስሟ የሚነሳ፣ ወዲያ ማዶ ወሎን በአባይ ሸለቆ የምታይ አገር። አጎቴ እዚያ እህል ይነግዳል። ያለው ንብረት ሁለት ነው፤ አንድ መጋዘንና አንዲት ቶዮታ ሃይሉክስ።

ሃይሉክስ ሲባል የዛሬዎቹን ባለ ሁለት ጋቢና እንዳይመስላችሁ። ሃይሉክስ መጀመሪያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1968 ጃፓን ውስጥ ነው፤ የሠራትም ሂኖ የተባለው የጭነት መኪና ፋብሪካ ነበር። የአጎቴ ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራች ናት። አንድ ጋቢና፣ ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ። ስሟ ከእንግሊዝኛ «ከፍ ያለ ምቾት» ከሚለው የተቆረጠ ነው ይባላል። ልብ በሉ፣ ከፍ ያለ! ዝቅ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ አጎቴ መኪናዋን ይዞ አዲስ አበባ መጣ። ሞተሯ መታደስ ነበረበት። «እኔ ሥራ አለኝ፣ እስክትታደስ አንተ ጋ ትቆይ። ስትድን እየነዳህ አምጣልኝ» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ያኔ ዕድሜዬ 21 ነበር። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣ ብሎኝ፣ ሥራ ፈትቼ ሰፈር የምዞርበት ጊዜ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመኪና ቁልፍ ጣቴ ላይ አሽከረከርኩ። ምን ልበላችሁ፣ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ሞተሯ በአንድ ወር ታደሰ። ወዲያው ማምጣት ነበረብኝ። ግን እንደ አንተው ፎንቃ ይዞኝ ነበር። ልጅቷ የምትውልበት ካፌ በር ላይ በዚያች የእህል መኪና መቆም ደግሞ ሞት መሰለኝ። ከፊት ጎንበስ፣ ከኋላ ቂጧን ቀሰር ያደረገች፣ የጤፍ ብናኝ ያልለቀቃት ፒክአፕ! ጓደኞቼ ሙድ ያዙብኝ። ከመሀላቸው አንዱ በስልኩ አንድ ቪዲዮ ክሊፕ አሳየኝ፤ መሬት የነኩ ያሸበረቁ መኪኖች፣ ዘና ብለው የሚነዱ ወጣቶች። «ይኸው፣ የኛዋም እንዲህ ትሆናለች» አለ። አለቀ።

ግማሹን ብቻ ቀዳን

ይህ መኪናን ዝቅ የማድረግ ፋሽን ሥሩ አሜሪካ ነው። ካሊፎርኒያ የሚኖሩ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች ናቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያስፋፉት። መኪናቸውን መሬት ያስጠጉና አውራ ጎዳና ላይ በእርጋታ እየነዱ ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የካሊፎርኒያ መንግሥት የመኪናው አካል ከቸርኬው የታችኛ ጠርዝ በታች እንዳይወርድ በሕግ ከለከለ። በዓመቱ፣ በ1959፣ ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት መኪናው ላይ ሃይድሮሊክ ገጠመባት። ሲፈልግ ዝቅ፣ ሲፈልግ ከፍ! ፖሊስ ሲመጣ ከፍ፣ ፖሊስ ሲያልፍ ዝቅ!

እንግዲህ ፋሽኑን ያመጡት ሰዎች ራሳቸው መልሰው ከፍ የሚያደርጉበትን ዘዴ አብረው አበጁለት። እኛ ክሊፑን አየንና ግማሹን ብቻ ቀዳን፤ ዝቅ የሚለውን። ሃይድሮሊክ የለ፣ ልክ የለ፣ ፍሌክስ ያለው ሰው ብቻ ነው ያስፈለገን።

ፍሌክስ ያለው ሰው ተገኘ። ከፊት ሞላዎቹ ከእያንዳንዳቸው አንድ ዙር ተኩል ቆረጠ። ከኋላ ባሌስትራ በግራም በቀኝም ሦስት ሦስት ቅጠል አወጣ። «ይሄ ምን ያደርጋል?» ብሎ፣ አክስሉ ሻሲውን እንዳይመታ የሚከላከሉትንም ጎማዎች ነቅሎ ጣለ። እኔ በበኩሌ ሰፋፊ ዝቅተኛ ጎማ ከነቸርኬው በዱቤ ገዛሁ። የወጡት የባሌስትራ ቅጠሎች ግቢ ውስጥ ሲያደናቅፉኝ ጊዜ ለቆራሌው ሸጥኳቸው። በገንዘቡ ከልጅቷ ጋር ሁለት ሁለት ማኪያቶ ጠጣንበት።

ማኪያቶው ጣፋጭ ነበር፤ እሱን አልክድም።

የአባይ ቁልቁለትና አንዲት ድንጋይ

ጥር ላይ አጎቴ ደወለ። «ለ21 ለአስተርዮ ማርያም ቤተሰብ ይሰበሰባል። እናትህንና አክስትህን ይዘህ ና፤ መኪናዋንም አድርስ።» ለማስመለሻ የሚሆን ሳንቲም ኪሴ ውስጥ የለም። «እዚያ ደርሼ አንድ ነገር እላለሁ» ብዬ ተነሳሁ። እናቴና አክስቴ ጋቢና፣ ከኋላ ዕቃ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ለአጎቴ ሱቅ የታዘዘ ሁለት ኩንታል ዕቃ።

እስከ ጎሃ ጽዮን አስፋልት ስለሆነ ብዙም አልታወቀኝም። የአባይ ቁልቁለት ላይ ግን የኋላ ጎማ ፓራፋንጎውን መላስ ጀመረ። ሸሸሸሸ... ጠመዝማዛው በዞረ ቁጥር ሸሸሸሸ። የጎማ ሽታ ጋቢና ገባ። እናቴ «ምንድነው የሚሸተው?» ስትለኝ «የሌላ መኪና ፍሬን ነው» አልኳት። ድልድዩን ተሻግረን፣ ደጀን ወጥተን፣ በብቸና መንገድ ተጠማዘዝን። ከዋናው መንገድ ወጥተን ጠጠሩን ስንጀምር እያንዳንዷ ጉድጓድ ወገቤን ትነግረኝ ጀመር። ለመመከቻ የሚሆን ነገር የለማ! ሞላው አጭር፣ ባሌስትራው ስስ፣ መከላከያ ጎማው የተነቀለ። ብረት በብረት ነው።

መርጡለ ማርያም ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን አንዲት ድንጋይ... እመኑኝ፣ ሌላ መኪና ቢሆን በላይዋ አልፎ የማያውቃት ድንጋይ... ኮፓውን መታችው። «ጓ!» አለ። ወዲያው የዘይት መብራት በራ። ሞተሩን አጠፋሁ፤ ከሠራሁት ሁሉ አንዱ ትክክለኛ ነገር እሱ ነው። ወርጄ ሳይ ያ በስንት ወጪ የታደሰው ሞተር ዘይት አፈሩ ላይ ይፈሳል። አንድ የጭነት መኪና በገመድ ጎትቶን ማታ ገባን።

አጎቴ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ፋኖሱን ይዞ ዞራት። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ። በእጁ ፓራፋንጎውና ጎማው መሀል ለካ፤ ሁለት ጣት አልገባም። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«ልጄ፣ ምን ነክቷት ተቀመጠች?» አለኝ።

«ጋሼ... አሁን ፋሽኑ እንዲህ ነው።»

«የወጡት ቅጠሎችስ የት አሉ?»

«ለቆራሌው ሸጥኳቸው።»

ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ እንኳ ብታመጣቸው ማረሻ ይሆኑ ነበር» አለና ገባ። እውነቱን ነው፤ በገጠሩ የአሮጌ ባሌስትራ ብረት ለቀጥቃጭ ወርቅ ነው። ማረሻ፣ ምሳር፣ ማጭድ ይወጣዋል። እኔ ማኪያቶ አወጣሁት።

በሦስተኛው ሌሊት የጎረቤት ሰዎች በሩን ደበደቡ። የልጃቸው ሚስት ምጥ ይዟት ሁለት ቀኗ ነው፤ አልሆነም። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የሚኬደው ወደ አጎቴ ቤት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ያቺ ሃይሉክስ ቀን እህል፣ ሌሊት በሽተኛ ስትጭን ኖራለች። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ለኔ የእህል መኪና ናት። ሰውየው ግቢ ሲገባ ወደኛ አላየም፤ ቀጥታ ወደ መኪናዋ ነው የሄደው። ኮፓዋ የተቀደደ፣ ዘይቷ የፈሰሰ፣ መሬት ላይ የተኛች መኪና። አጎቴ «አትሄድም» ሲለው ሰውየው የገባው አይመስልም ነበር። ሁለቴ ነው የነገረው።

በቃሬዛ ወሰዷት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። መንገዱ እንዴት እንደሚረዝም በትከሻዬ አውቀዋለሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተርፈዋል። ልጁ አሁን የወተት ጥርሱ የሚወልቅበት ዕድሜ ላይ ነው። ግን ወንድሜ፣ «ተርፈዋል» የምትለዋን ቃል ስጽፍ ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል። ላይተርፉ ይችሉ ነበርና።

በማግስቱ አጎቴ አጠገቤ ተቀመጠና ጠየቀኝ። «ባዶዋን ስትሆን የኋላዋ ከፍ የሚለው ለምን ይመስልሃል?»

«ያው... ስሪቷ ነዋ!»

«አይደለም። ሲጫንባት እኩል እንድትሆን ነው። ያ ከፍታ ለሸክም የተተወ ቦታ ነው። አንተ ባዶዋን አየሃትና ትርፍ ነው ብለህ ቆረጥከው።»

እንዴት ነው የሚመለሰው?

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ። መመለስ ይቻላል። እኔም መልሻታለሁ። መጀመሪያ ተሳስቼ፣ ኋላ ተምሬ። ስህተቴን አንተ እንዳትደግመው በቅደም ተከተል ላስቀምጥልህ።

1. መጀመሪያ ለካ። መኪናዋን ባዶዋን፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ጎማዋ በትክክል ተነፍቶ አቁማት። ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም በኩል ለካና ጻፍ። ከመሬት አትለካ፤ ጎማ ሲቀየር ልኩ ይዋሻል። ከዚያ ያልተነካች የዚያው ዓይነትና ዘመን መኪና ፈልገህ በተመሳሳይ ለካ። ልዩነቱ የጎደለህን ይነግርሃል። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ደግሞ የደከመ ወይም የተሰበረ ነገር አለ ማለት ነው።

2. ታኮውን እርሳው። መካኒክህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ያለውን እኔም አድርጌዋለሁ። በሞላው ዙሮች መሀል የሚሰካው ታኮ መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል፤ እውነት ነው። ግን ሞላው የሚሠራበትን ቦታ ይዘጋዋል። የቀሩት ዙሮች ብቻቸውን ስለሚሸከሙ አንድ ቀን «ቀጭ» ይላል። የተቆረጠ ሞላ በብየዳም አይቀጠልም፤ የሞላ ብረት ጥንካሬው በሙቀት ተለክቶ የተሰጠው ነው፣ እሳት ሲነካው ይጠፋል። በኦክስጅን አሙቆ መሳብም ያው ነው። ሞላ ተቆረጠ ማለት አለቀ ማለት ነው። ትክክለኛውን ግዛ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ። የኔ ሁለተኛ ስህተት አንዱን አዲስ፣ አንዱን ከሌላ መኪና የወጣ ማድረጌ ነበር። መኪናዋ እንደሚያነክስ ሰው ወደ አንድ ጎን አጋደለች።

አንድ የምሥራች ግን አለ። አንዳንድ ፒክአፖች ከፊት ሞላ ሳይሆን ቶርሽን ባር የሚባል ተጠማዛዥ ዘንግ ነው ያላቸው። የእነሱ ከፍታ በቡሎን ነው የሚስተካከለው። ቡሎኑን በማላላት ብቻ ዝቅ የተደረገች ከሆነች መልሶ በልክ ማጥበቅ ይበቃታል። አንተ «ሞላ አስቆርጫለሁ» ስላልክ ይህ ዕድል የለህም። ለሌሎቻችሁ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

3. ባሌስትራውን ሙሉ አድርገው። የቀሩት ቅጠሎች ለብቻቸው ሲሸከሙ ስለቆዩ ደክመዋል፤ ምናልባትም ተሰንጥቀዋል። በጽዳት አጥበህ በደንብ ያስመርምሩልህ። እኔ ከሶማሌ ተራ ከዚያው ዓይነት መኪና የወጣ ሙሉ ባሌስትራ ግራና ቀኝ አግኝቼ ላክሁ። የምትገዛው ስፋቱ፣ ርዝመቱ፣ የቅጠሉ ብዛትና ደጋኑ ከሌላው ጋር እኩል መሆኑን ሻጩ ፊት ጎን ለጎን አስቀምጠህ አረጋግጥ። የደከመውን «አስቀጥቅጬ አቀናዋለሁ» የሚልህ አይጠፋም፤ ለጊዜው ቀና ይላል፣ ሲጫንበት ተመልሶ ይተኛል።

4. ትናንሾቹን አትናቅ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ጠፍረው የሚይዙት የ«ዩ» ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይቀየሩ። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላም ደግመህ አስጠብቃቸው። በባሌስትራው ጫፎች ያሉትን የቡሽ ጎማዎች የሚይዙትን ቡሎኖች መጨረሻ የምታጠብቀው ደግሞ መኪናዋ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ሳይሆን በጎማዋ ቆማ ክብደቷን ከጣለች በኋላ ነው። አለዚያ ጎማው እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይበጣጠሳል። ይህን የነገረኝ አንድ አዛውንት መካኒክ ነው፤ እስከዛሬ ውለታው አለብኝ።

5. አሞርዛተር፣ አንዳንዱ ሾክ አብዞርበር የሚለው፣ ለከፍታው የሚሆን ይሁን። ዝቅ ስትል አጭር ተገጥሞላት ከሆነ ከፍ ስትል ጫፉ ድረስ ተስቦ ይቀራል። የተነቀሉት መከላከያ ጎማዎችም ይመለሱ። የኔው ባለሙያ «ምን ያደርጋል?» ያለው ጎማ ምን እንደሚያደርግ አባይ በረሃ ላይ ነው የገባኝ።

6. ፍሬኑን አይተህ ተነሳ። ዝቅ ብላ ስትነዳ የኖረች መኪና የፍሬን ቱቦዋ ተፈትጎ ሊሆን ይችላል። ከፍ ስትል ደግሞ እንዳይወጠር፣ መሪው ግራና ቀኝ ሙሉ ተዙሮ መታየት አለበት። አንዳንድ ፒክአፖች የኋላውን ፍሬን ኃይል እንደ ጭነቱ የሚመጥን፣ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አላቸው። ቁመቱ ሲለወጥ ይሳሳታል፤ ይስተካከል።

7. ጎማውን መልስ፣ መሪውን አስተካክል። ዋናውን የጎማ ልክ ከመኪናዋ መጽሐፍ ወይም ያልተነካች መኪና ላይ ታገኘዋለህ። ከዚያ የጎማ አላይመንት አሠራ፤ አለዚያ አዲሱን ጎማ በጥቂት ወር ትበላዋለች። የፊት መብራቱንም አስተካክል፤ ዝቅ ብላ ሳለች ከተስተካከለ አሁን የሚያበራው የሰው ዓይን ላይ ነው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፤ ራሴ እሠራዋለሁ እንዳትል። የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ክሪክ ብቻ አምነህም ከመኪና ሥር አትግባ፤ ጠንካራ መቆሚያ ይደረግላት፣ ጎማውም ይታገድ።

ወጪውስ? እኔ ያኔ ለማስቆረጥ የከፈልኩት 1,200 ብር ነበር። ለመመለስ ኮፓውን ሳይጨምር ከ15,000 ብር በላይ ወጣኝ። የዛሬው ዋጋ ሌላ ነው፤ መጠኑ ግን ያው ይመስለኛል፤ ለማፍረስ አንድ፣ ለመመለስ አሥር። ገንዘቡን ከየት አመጣህ ካልከኝ፣ ሰፋፊዎቹን ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ሸጥኩ። የቀረውን አጎቴ መጋዘን ውስጥ ሦስት ወር ኩንታል ተሸከምኩበት። ልጅቷስ? እሷ ማኪያቶዋን ከሌላ ሰው ጋር ቀጠለች። መኪናዋን እንጂ እኔን አልነበረም ያወቀችኝ፤ አልፈርድባትም፣ እኔም ያሳየኋት መኪናዋን ብቻ ነው።

የማንን ልስማ ላልከው

መካኒኩን አትስማው። የአሥር ደቂቃ ሥራ የሚልህ ሰው የአሥር ደቂቃ ኃላፊነት ነው የሚወስደው።

እናትህን ስማት፤ ግን የምትልህን በደንብ ስማ። እኔ እንደሚመስለኝ እናትህ ስለ ሞላ አይደለም የምትናገረው። ባሏ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እሱ ያይ የነበረውን መንገድ ከዚያው ከፍታ ማየት ነው የፈለገችው። ይህን ለማድረግ ስድስት ወር ጠብቃሃለች። ሥራው ሲያልቅ ለማንም ሳታሳይ መጀመሪያ እሷን ጫናት።

እጮኛህን በተመለከተ፣ አትቆጣት። «የገበሬ መኪና» ያለችው ስላላየች ነው። እኔም ሳላይ ያልኩት ነው። እስቲ አንድ እሑድ ከከተማ ወጣ ብላችሁ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ምን ምን እንደምትጭን ቁጭ ብላችሁ እዩ። እህል፣ በግ፣ ተማሪ፣ ሙሽራ፣ በሽተኛ፣ አስከሬን። ከዚያ በኋላም «ዝቅ ትበል» ካለችህ ጥያቄው የመኪና መሆኑ ቀርቷል፤ ሌላ ደብዳቤ ጻፍልኝ።

ለኪስህም ላስብልህ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት እሳት አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለች፣ ሻሲዋ ያልተነካ አሮጌ ፒክአፕ ዛሬ ቀልድ አይደለችም። የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ ሥሯን ነው።

ያቺ ሃይሉክስ ተመልሳ ቆማ ሳያት የኋላዋ እንደገና ከፍ ብሎ፣ ያ ቂጧን የቀሰረች ያልኩት ቁመና ተመልሶ፣ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? አላስጠላችኝም። አጎቴ አሥር ኩንታል ጤፍ አስጫነባትና «ና እየው» አለኝ። ከፊትና ከኋላ እኩል ሆና ቆማለች። ቀጥ ያለች። ለካ ሲጫንባት ነው የምታምረው።

ወንድሜ ከጉለሌ፣ ሥራው ሲያልቅ እናትህ ምን እንዳለች ጻፍልኝ። ሌሎቻችሁም ቆርጣችሁ የጣላችሁት፣ በኋላ የፈለጋችሁት ነገር ካለ ላኩልኝ፤ መኪና መሆን የለበትም። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ በሰላም ቆዩኝ።